የቪስቢ ሙታን ልብስ፤ የመካከለኛውን ዘመን ጥሩር፣ ቀሚስና ጫማ እንደገና ስለ መሥራት

መግቢያ

በመካከለኛው ዘመን በኤውሮፓ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የለበሱትን የጦር ልብስ፣ ቀሚስና ጫማ እንደገና ሠርቶና ለብሶ ያለፈውን ታሪክ በአደባባይ ማሳየት በብዙ አገሮች የተለመደ ሥራ ሆኗል። ይህን የሚሠሩ ሰዎች ከፊሎቹ ለመዝናናት፣ ከፊሎቹ ለማስተማር፣ ከፊሎቹም ለምርምር ነው የሚደክሙት። ለታሪክ ተማሪ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ከ600 ዓመት በፊት የሞተ ሰው ምን ለብሶ እንደ ነበር በምን እናውቃለን? ልብሱን አስመስለን ብንሠራስ፣ ስለዚያ ሰው የምናውቀው ነገር በእርግጥ ይጨምራል ወይስ የራሳችንን ግምት ብቻ ለብሰን እንቆማለን?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በተለይ በስዊድን አገር በጎትላንድ ደሴት በ1361 ዓ.ም. ከተደረገው የቪስቢ ጦርነት በተገኘው ማስረጃ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የዕቃዎቹ ስም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የጎልያድ ታሪክ ሲነበብ ጥሩር፣ ገምባሌና የራስ ቁር የሚሉትን ቃላት ሁላችንም ሰምተናል። እዚህም ጥሩር ስንል ደረትንና ጀርባን የሚሸፍነውን የብረት ልብስ፣ ገምባሌ ስንል ደግሞ ቅልጥምን የሚሸፍነውን ማለታችን ነው። ጥሩርም ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ትናንሽ የብረት ቀለበቶች እርስ በርሳቸው ተቈላልፈው እንደ ጨርቅ የሚዘረጉበት የቀለበት ጥሩር ነው። ሁለተኛው በቆዳ ወይም በወፍራም ጨርቅ ውስጥ የብረት ሰሌዳዎች በችንካር የተመቱበት የሰሌዳ ጥሩር ነው።

በዝናብ የተበላሸው ጉግስ

የመካከለኛውን ዘመን ልብስ አስመስሎ ለብሶ መታየት በዛሬ ሰዎች የተጀመረ አይደለም። በ1839 ዓ.ም. በኦገስት ወር መጨረሻ የኤግሊንተን መስፍን አርቺባልድ ሞንትጎመሪ በስኮትላንድ በርስቱ ላይ እንደ ጥንቱ ያለ የፈረስ ጉግስ አዘጋጀ። የጦር ልብሱን ለባላባቶቹ ያቀረበው ሳሙኤል ፕራት የሚባል የለንደን ነጋዴ ነበር። ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ተሰበሰበ ይነገራል። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን ኃይለኛ ዝናብ ስለ ወረደ ሜዳው ጭቃ ሆነ፤ ሰልፉም ተበላሸ፤ የጥንት ባላባት መስለው ከወጡት መኳንንት አንዱ ጃንጥላ ዘርግቶ ታየ። ጋዜጦችም ብዙ ቀለዱበት።

ነገሩ ለቀልድ የተመቸ ቢሆንም ትምህርት አለበት። የጊዜው ሰዎች ትልቅ ገንዘብ አውጥተው ያመጡት ልብስ ከፊሉ እውነተኛ ጥንታዊ ዕቃ፣ ከፊሉ ደግሞ ባለሱቅ ያስጠገነውና ያሟላው ነበር። የየትኛው ዘመንና የየትኛው አገር እንደ ሆነ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አልነበረም። የሚፈለገው ማማሩ ብቻ ነበር።

ይሁንና በዚያው ዘመን ስለ ጦር ልብስ በጥንቃቄ የሚጽፉ ሊቃውንት አልጠፉም። ሳሙኤል ራሽ ሜይሪክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1824 ዓ.ም. ስለ ጥንታዊ የጦር ልብስ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ለዚህ ጥናት መሠረት ከጣሉት አንዱ እርሱ ነው። ነገር ግን በአሮጌ ሥዕሎችና በመቃብር ላይ በተቀረጹ ምስሎች የቀለበት ጥሩር በልዩ ልዩ መስመር ተሥሎ ስላየ፣ እያንዳንዱ የመስመር ዓይነት ራሱን የቻለ ሌላ ዓይነት ጥሩር ነው ብሎ ለየብቻው ስም ሰጠው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ከነዚህ አብዛኞቹ በእውነት የነበሩ ልብሶች አይደሉም። ሠዓሊው ሺህ ቀለበት አንድ በአንድ ከመሣል ይልቅ ባጭሩ ለማመልከት የተጠቀመባቸው መስመሮች ናቸው። እንግዲህ ሥዕልን ብቻ አይቶ ልብስ የሚሠራ ሰው የሠዓሊውን ልማድ ሊለብስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከሥዕል ሌላ ማስረጃ አስፈለገ፤ እርሱም ከመሬት ውስጥ ወጣ።

የቪስቢ ጦርነትና መቃብሩ

በ1361 ዓ.ም. በበጋው ወራት የዴንማርክ ንጉሥ ቫልደማር 4ኛ ጎትላንድን ለመያዝ በመርከብ መጣ። ቪስቢ በባልቲክ ባሕር ንግድ የበለጸገች፣ በድንጋይ ግንብ የታጠረች ከተማ ነበረች። በደሴቲቱ ገጠር የሚኖሩት ገበሬዎች ንጉሡን ለመከላከል ወጡ። ጁላይ 27 ቀን ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ በተደረገው ጦርነት ግን ጦርነትን ሙያው ባደረገ ሠራዊት ተሸነፉ። የሞቱትም ወደ 1,800 እንደሚደርሱ ይገመታል። ከተማይቱ በሯን ዘግታ ከቈየች በኋላ ለንጉሡ እጅ ሰጠች። ሙታኑ በተቀበሩበት ስፍራ የድንጋይ መስቀል ቆመ። በላዩም ጎትላንዶች በቪስቢ በር ፊት በዴኖች እጅ እንደ ወደቁና በዚያ እንደ ተቀበሩ፣ የሚያነብም እንዲጸልይላቸው በላቲን ቋንቋ ተጽፎበታል።

በ1905 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ 1930 ዓ.ም. ድረስ በየጊዜው በተደረገው ቍፋሮ ከጅምላ መቃብሮቹ የ1,185 ሰዎች አጽም ወጣ። በሌላ ስፍራ ብዙ ጊዜ የማይሆን ነገር በዚህ ሆኖ ነበር፤ ብዙዎቹ ሙታን ከነጦር ልብሳቸው ተቀብረው ነበር። በዚያ ዘመን ብረት ውድ ስለ ነበረ ድል ያደረገው ወገን የሞተውን ገፎ ልብሱን መውሰድ የተለመደ ነው። በቪስቢ ይህ ሙሉ በሙሉ ያልተደረገበት ምክንያት ሙታኑ እጅግ ብዙ፣ ወሩም ሞቃት ስለ ነበረ በችኰላ በመቀበራቸው ነው ተብሎ ይታመናል። ከልብሱም ከፊሉ በጊዜው ያረጀና ሞዱ ያለፈ ስለ ነበረ ዘራፊው አልጓጓለት ይሆናል።

ስዊድናዊው ሊቅ ቤንግት ቶርደማን ከዴንማርካዊው ፖውል ኖርሉንድና ከቦ ኢንገልማርክ ጋር ሆኖ ውጤቱን በ1939 እና በ1940 ዓ.ም. በሁለት ክፍል አሳተመ። ዛሬ የ14ኛውን መቶ ዓመት የሰሌዳ ጥሩር መሥራት የሚፈልግ ሰው በየትኛውም አገር ቢሆን የሚመለከተው ይህንኑ መጽሐፍ ነው።

ዝገት ምን ይናገራል?

ከመቃብሩ የወጣው ጥሩር እንደ ልብስ የሚታይ አልነበረም። ብረቶቹን ይዞ የነበረው ቆዳ ወይም ጨርቅ በስብሶ ስለ ጠፋ የቀረው ከአጥንትና ከአፈር ጋር የተጣበቀ የዛገ ሰሌዳ ክምር ነው። ቶርደማን ይህን ክምር መልሶ ልብስ ያደረገው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰሌዳ በአጽሙ ላይ የት እንደ ተገኘ በቍፋሮው ጊዜ በጥንቃቄ ተመዝግቦ ነበር። ሁለተኛ፣ በሰሌዳዎቹ ላይ ያሉት ችንካሮች የተደረደሩበት መስመር ሰሌዳዎቹ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደ ተደራረቡ ያሳያል። ሦስተኛ፣ በችንካሩ ራስና በሰሌዳው መካከል የቀረው ባዶ ቦታ የጠፋው ቆዳ ምን ያህል ውፍረት እንደ ነበረው ይነግራል። ስለዚህ ያልተገኘው ቆዳ እንኳ በተገኘው ችንካር ተለካ ማለት ነው።

በዚህ ዘዴ 25 ያህል ጥሩሮች ተለይተው ታወቁ። አንዳንዶቹ ከጥቂት ትልልቅ ሰሌዳዎች የተሠሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ብዙ መቶ ትናንሽ ሰሌዳዎች አሏቸው። አንዳንዶቹ ከጀርባ በኩል የሚቈለፉ ስለ ሆኑ ለባሹ ያለ ረዳት ሊለብሳቸው አይችልም። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በእውነቱ ትልቅ ነው። ወደ ጦርነቱ የሄደው ገበሬ በዚያን ቀን ጧት ልብሱን የሚያስርለት ሌላ ሰው፣ ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ፣ ከኋላው ቆሞ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚናገር ጽሑፍ የለም፤ የሚናገረው መቈለፊያው ነው።

አስመስሎ የመሥራት ጥቅም የሚታየው በዚህ ላይ ነው። ጥሩሩን ሠርቶ የለበሰ ሰው ክብደቱ በትከሻ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ በወገብ በኩል በደንብ ካልጠበቀ እንዴት እንደሚጎትት፣ ከሥሩም በደንብ የታጨቀና ደራርቦ የተሰፋ ወፍራም ልብስ ከሌለ ብረቱ ገላን እንዴት እንደሚልጥ በራሱ ሰውነት ያውቀዋል። ከሥር የሚለበሰው ልብስ በመቃብሩ ውስጥ ባይተርፍም የግድ እንደሚያስፈልግ ጥሩሩ ራሱ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው ስለ ቀለበቱ ነው። በመካከለኛው ዘመን ኤውሮፓ የቀለበት ጥሩር ሲሠራ የቀለበቱ ጫፍና ጫፍ ተደራርቦ፣ ተበስቶ፣ በጥቃቅን ችንካር ይደቈስ ነበር። ዛሬ ብዙዎች ድካም ለመቀነስ ጫፎቹን በጕጠት አገጣጥመው ብቻ ይተዉታል። ይህ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ነው፤ በጦር ሲወጉት ግን ቀለበቱ ይከፈታል። እንዲህ ያለውን ቅጂ ወግቶ የጥንቱ ጥሩር ደካማ ነበር ብሎ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ስለ ብረቱ ነው። የጥንቱ ብረት በከሰል ምድጃ የነጠረ፣ በውስጡ የብረት አር የቀረበት፣ ከሰሌዳ ሰሌዳ ጥራቱ የሚለያይ ነበር። የዛሬው የፋብሪካ ብረት ግን ወጥ ነው። ቅርጹ ትክክል ቢሆንም የተሠራበት ነገር ሌላ ከሆነ ፈተናው ስለ ዛሬው ብረት እንጂ ስለ ጥንቱ አይናገርም።

የክብደትን ነገር በተመለከተ በሊድስ የተደረገ ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2011 ዓ.ም. የታተመው ይህ ጥናት የ15ኛውን መቶ ዓመት ሙሉ የብረት ልብስ አምሳያ የለበሱ፣ በሥራውም የለመዱ ሰዎችን በሚሽከረከር መሮጫ ላይ አስሂዶና አሩጦ ትንፋሻቸውን ለካ። ለባሹ በእግሩ ሲሄድ ልብሱን ካልለበሰበት ጊዜ ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት እንደሚያወጣ ታወቀ። ምክንያቱም ክብደቱ በጀርባ ላይ ብቻ ሳይሆን በእግርም ላይ ስለሚታሰር በእያንዳንዱ እርምጃ መነሣት አለበት። ደረትን የሚያጠብቀው ብረትም እንደ ልብ መተንፈስን ይከለክላል። ባላባት በፈረስ ላይ የሚወጣው በማንሻ ተሰቅሎ ነው የሚለው የቈየ ተረት ሐሰት መሆኑ በዚሁ ዓይነት ልምምድ ታይቷል። ያም ሆኖ መሥራትና መልበስ አንዱን ተረት ሲያፈርስ ልብሱ ቀላል ነበር የሚለውንም ሌላ ተረት አይፈቅድም።

ቀሚሱ

ብረት የጦረኛውን ውጭ ቢያሳየንም የሰውን የዕለት ልብስ አያሳየንም። ስለዚህም ነገር ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የተገኘው ከጎትላንድ እጅግ ርቆ በግሪንላንድ ነው። በ1921 ዓ.ም. ከላይ ስሙን ያነሣነው ፖውል ኖርሉንድ በሄርዮልፍስኔስ የነበረውን የኖርዌጅ ዘር ሰፋሪዎች መቃብር ቈፈረ። በዚያ አገር እንጨት ብርቅ ስለ ሆነ ብዙ ሙታን በሣጥን ፈንታ በአሮጌ ልብሳቸው ተጠቅልለው ነበር የተቀበሩት። ምድሩም የቀዘቀዘ ስለ ሆነ የበግ ጠጉሩ ጨርቅ ሳይበሰብስ ቈየ። ወደ 30 የሚጠጉ ቀሚሶች፣ 17 ከአንገት ልብስ ጋር የተሰፉ ቆቦችና ሌሎችም ልብሶች ተገኙ። በኮፐንሃገን በዴንማርክ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ይጠበቃሉ።

የሽመና ሥራ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ልብሶች ሲያይ ድርና ማጉን ሊለይ ይችላል። ድሩ ከበጉ ረጅምና ጠንካራ ጠጉር ጠበቅ ተደርጎ የተፈተለ፣ ማጉ ደግሞ ከሥር ካለው ለስላሳ ጠጉር ላላ ተደርጎ የተፈተለ ነው። በብዙዎቹም ድሩ ጠቈር፣ ማጉ ፈካ ያለ ነው። ፈትሉ በእንዝርት፣ ሽመናውም ድሩን ወደ ታች የሚስብ ክብደት በታሰረበት ቀጥ ብሎ በቆመ መሸመኛ የተሠራ ነው። ቀሚሱ ከላይ ጠበብ ብሎ ከታች ሰፊ እንዲሆን በፊት፣ በኋላና በጎን ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ተጨምሮበታል። አዘጋጁ ጨርቁን በከንቱ ላለማባከን የተጨነቀ ሰው እንደ ነበረ ከአቈራረጡ ይታወቃል። አንድ ሸማኔ የሚሸምነውን ፈትል ለማቅረብ ብዙ ፈታዮች ለብዙ ቀን መድከም ስላለባቸው ይህ ጭንቀት አያስገርምም። በፋብሪካ የተፈተለ ጨርቅ ገዝቶ በአንድ ቀን ቀሚስ የሚሰፋ የዛሬ ሰው ቅርጹን ቢያገኝም ይህን ዋጋ አያገኘውም።

ሌላው ምስክር በ1936 ዓ.ም. በስዊድን በቫርበርግ አጠገብ በረግረግ ውስጥ የተገኘው የቦክስተን ሰው የሚባለው ነው። ይህ በ14ኛው መቶ ዓመት የተገደለ ሰው ቀሚሱ፣ ካባው፣ ረጅም ጭራ ያለው ቆቡ፣ ሁለቱ እግሮች ያልተጋጠሙት ሱሪው፣ የእግር ጨርቁና የቆዳ ጫማው ሁሉ ከእርሱ ጋር ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ሙሉ ልብስ ከዚያ ዘመን ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው።

ሆኖም የረግረጉ ጭቃ የሚያቈየውና የሚያጠፋው አለው። የበግ ጠጉርና ቆዳ ያቈያል፤ ከተልባ እግር የተሠራውን ጨርቅ ግን ይበላዋል። ስለዚህ የውስጥ ልብስ ስላልተገኘ አልነበረም ማለት አይቻልም። ቀለምም እንደዚሁ ነው። በመቃብር የቈየ ልብስ ሁሉ ቡናማ መስሎ ይወጣል። ይህን አይቶ የዚያ ዘመን ድኻ ሁሉ ቡናማ ለብሶ ነበር ብሎ መደምደም የአፈርን ቀለም የሰው ምርጫ ማድረግ ነው። ከግሪንላንድ የተገኙት ልብሶች በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ ከፊሎቹ ቀለም የተነከሩ መሆናቸው ታውቋል።

ጫማው

ጫማ በብዛት የተገኘው በወደብ ከተሞች ውሃ በሞላበት አፈር ውስጥ ነው። በለንደን በቴምዝ ወንዝ ዳር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በተደረገው ቍፋሮ የወጡት ጫማዎች ጥናት በ1988 ዓ.ም. ታትሟል።

የዚያ ዘመን ጫማ አሠራር ከዛሬው ይለያል። የለፋው ቆዳ የውስጡ ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ በፎርማ ላይ ይወጠርና የላይኛው ቆዳ ከሶሉ ጋር በወስፌና በሰም በታሸ ክር ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ጫማው በውሃ ርሶ እንደ ካልሲ ይገለበጣል። ስፌቱም ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከውሃና ከድንጋይ ይጠበቃል። ለመገልበጥ እንዲመች ሶሉ አንድ ቆዳ ብቻ፣ እርሱም ከመጠን ያልወፈረ መሆን አለበት። በዚህ ምክንያት ቶሎ ያልቃል። ከተገኙት ጫማዎች ብዙዎቹ በሶላቸው ላይ ቁራጭ ቆዳ እየተለጠፈ የተጠገኑ ናቸው። ሹል አፍንጫ ያላቸው ጫማዎች ጫፋቸው እንዳይታጠፍ የድንጋይ ሽበት ተጠቅጥቆባቸው ተገኝተዋል። በጭቃ ላይ ለመሄድም ከጫማው ሥር የሚታሰር የእንጨት መረማመጃ ነበር።

የተልባው ክር በስብሶ ስለ ጠፋ ዛሬ የሚታየው የወስፌው ቀዳዳ ብቻ ነው። ነገር ግን ቀዳዳው የት እንደሚጀምር፣ ቆዳውን በሙሉ እንደሚያልፍ ወይም በግማሽ ውፍረቱ ገብቶ በጎን እንደሚወጣ፣ በመካከሉም ምን ያህል ርቀት እንዳለ ሲመረመር ስፌቱ እንደገና ሊሰፋ ይቻላል። ይህን የሚያነብ ሰው ግን ራሱ ጫማ መስፋት የሚያውቅ መሆን አለበት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ያደገ ሊቅ ቀዳዳውን ያያል፤ ጫማ ሰፊው ግን የቀዳዳውን ምክንያት ያውቃል። እኛ የታሪክ ተማሪዎች የእጅ ሥራ የሚያውቁትን ሰዎች ንቀን ልናልፍ የማይገባን ስለዚህ ነው።

ሊቀዳ የማይችለው

በቪስቢ ከተማ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በኦገስት ወር የመካከለኛው ዘመን ሳምንት ይከበራል። ከብዙ አገር የሚመጡ ሰዎች በዚያው ግንብ ሥር የዘመኑን ልብስ ለብሰው ይሰበሰባሉ፤ ከነዚህም ብዙዎች ከመቃብሩ በወጣው አምሳል የተሠራ ጥሩር ይለብሳሉ።

እዚህ ላይ ግን አጥንቱን መርሳት አይገባም። ኢንገልማርክ አጽሞቹን በመረመረ ጊዜ ብዙ የሰይፍ ቍስል በቅልጥም ላይ አገኘ። ጋሻው አካልን ሲሸፍን ገምባሌ የሌለው እግር ግን ለጠላት ተጋልጦ ነበር። የቀለበት ቆብ እስካሁን የተጣበቀባቸው የራስ ቅሎችም አሉ። ቆቡ የለበሰውን ሰው አላዳነውም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ከሟቾቹ ቢያንስ ሲሶው ገና ያላደጉ ልጆችና ሽማግሌዎች እንደ ነበሩ መታወቁ ነው።

ዛሬ በሜዳው ላይ የሚሰለፉት ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው ጤናማና ጎልማሳ ናቸው። ሰይፋቸው ስለቱ የደነዘ ነው፤ ማታም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይህ እንዲህ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ማንም ሌላ እንዲሆን አይመኝም። ነገር ግን ተመልካቹ የሚያየው በደንብ የታጠቀ ጀግና ከሆነና ያረጀ ጥሩር የለበሰውን ሽማግሌ፣ ምንም ያልለበሰውንም ልጅ ካላየ፣ እያንዳንዱ ችንካር ትክክል ቢሆንም እንኳ ጠቅላላው ሥዕል ሐሰት ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚከተለውን ማለት ይቻላል። የጥንቱን ልብስ እንደገና መሥራት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በጽሑፍ ያልተጻፈውን፣ ማለትም የልብሱን ክብደት፣ የፈታዩንና የሸማኔውን ድካም፣ የጫማውን ዕድሜ፣ ከኋላ ቆሞ የሚያስረውን የወንድም እጅ ያስተምራል። ይህን የሚያስተምረው ግን ሦስት ነገር ሲጠበቅ ነው። ሠሪው የተገኘውን ዕቃና የራሱን ግምት ለይቶ ማሳየት አለበት። የተሠራበት ነገርና አሠራሩ እንደ ጥንቱ ካልሆነ ከፈተናው ስለ ጥንቱ መደምደም የለበትም። ሥዕልን፣ ጽሑፍንና ከመሬት የወጣውን ዕቃ እርስ በርስ ማመሳከር እንጂ አንዱን ብቻ ማመን አይገባውም።

በ1839 ዓ.ም. በስኮትላንድ የተሰበሰቡት ሰዎች ልብሱን ፈለጉ እንጂ የለበሰውን ሰው አልፈለጉም። የቪስቢው ድንጋይ መስቀል ግን ስለ ጥሩር አንድ ቃል አይናገርም፤ ሰዎች እንደ ወደቁ ብቻ ተናግሮ ጸሎት ይለምንላቸዋል። ጥሩሩን እንደገና የሚሠራም ሰው የሚሠራው የማን ልብስ እንደ ሆነ ካልዘነጋ ድካሙ ለታሪክ ይጠቅማል።